ዓሣ ጋላቢው ልጅ የማን ልጅ ነው?

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ዓሣ ላጫውታችሁ። የምንኖርባት ከተማ አሽቀሎን የባሕር ጠረፍ ላይ ስለሆነች እዚህ የዓሣ ወሬ ቢነሳ የሚገረም ሰው የለም። የኔ ዓሣ ግን ክንፍ አለው፤ ይበርራል፤ ጀርባው ላይም ሰይፍ የታጠቀ ልጅ ተሸክሞ ይዞራል። በዚህ ዓሣ ምክንያት ትዳሬ ሊፈርስ ነበር። ትዳር ስል ገና ያልተያዘውን ማለቴ ነው። ሰው ቤቱ ከተሠራ በኋላ ይፈርስበታል፤ የኔ መሠረቱ ሳይቆፈር ሊፈርስ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ፤ እኔ በበኩሌ ከወዲሁ ራሴን ጠርጥሬአለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው አዜብን ከመውደዴ ነው። አዜብ በፈረንጅ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ከአያቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኔ በሱዳን በኩል የመጣሁ፣ እዚህ አገር ከእርሷ ስንት ዓመት የቀደምኩ፣ ውትድርናዬን የጨረስኩ፣ አሁን ደግሞ የፕላስቲክ ባልዲ ፋብሪካ ውስጥ እጀታ የምገጥም ሰው ነኝ። እንዲህም ሆኖ ዕብራይስጧ ከኔ ይበልጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከማሽን ጋር ነው፤ እርሷ የምትውለው ከአሮጊቶች ጋር ነው፤ አሮጊቶቹ ደግሞ ማሽኑ ከሚያወራው በላይ ያወራሉ።

በእኛ ወግ ሰው ተዋድጃለሁ ብሎ ብቻ አይጋባም። ሰባት ቤት ይቆጠራል። የእርሷ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ የኔም እንዲሁ፣ በእናት በኩል በአባት በኩል እየተባለ ስም በስም ወደ ላይ ይወጣል። በመሃል አንድ ሰው በሁለታችንም ወገን ብቅ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷ እህትህ ናት ትባላለህ፤ እንደ እህትህ ታያታለህ። እኔ ደግሞ ከአያቶቼ ወዲያ የማውቀው ስም አልነበረኝም። አባቴና እናቴ ሱዳን መጠለያው ውስጥ ቀሩ። የቀረውን ዘር ማንዘር ሳይነግሩኝ ሄዱ፤ እኔም ልጅ ስለነበርኩ መጠየቅ አላወቅሁበትም።

እኔን ከዚያ ያወጣችኝ እትዬ ጥሩዬ ናት። ዘመዴ አይደለችም፤ አገሯም ሌላ ነው። ከጎረቤት ድንኳን መጥታ፣ ቁመቱ ከእርሷ የሚበልጠውን፣ በበሽታ አጥንቱ ብቻ የቀረውን ልጅ አዝላ ከመጠለያው እስከሚያወጣን መኪና አደረሰችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ግቫት ጺዮን ሠፈር አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን፤ ትቆጣኛለች፣ ታበላኛለች፣ ከፋብሪካው ባልዲ አላመጣህልኝም ብላ ትነዘንዘኛለች። ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ ብላት ግን የምታውቀው ከኔ ጀምሮ ወደ ታች ብቻ ነው።

ስለዚህ የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ የአዜብ አያት አባባ ደሴ። እኚህ ሰው የአገራችንን ሰው ከነዘሩ ያውቃሉ። "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ከጠየቁህ በኋላ ስለ ራስህ የማታውቀውን ይነግሩሃል። የልጅ ልጃቸውን ለመጠየቅም፣ ዘሬን ለማስቆጠርም የምሄደው እዚያው አንድ በር ላይ ነው። ምቹ ነገር ነው ብዬ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሸሚዜን ተኩሼ፣ ብርቱካን በከረጢት ይዤ፣ እትዬ ጥሩዬን አስቀድሜ ሄድኩ። የምናገረውን በመንገድ ሳጠና ነበር። በሩን ብናንኳኳ መልስ የለም። ገፋ አድርገን ስንገባ የሕንፃው ልጆች በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። አባባ ደሴ ከመካከላቸው ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ጎረቤት የጣለውን ትልቅ ቴሌቪዥን አፍጥጠው ያያሉ። ገና ሲያዩን እጃቸውን አነሱ። ሰላምታ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ዝም በሉ ማለታቸው ነበር።

"አባባ፣ ለጉዳይ ነው የመጣን" አለች እትዬ ጥሩዬ፣ ዝም ማለት ስለማይሆንላት።

"ጉዳይ የት ይሄዳል። ተቀመጡ።"

ብርቱካኑን እንዳቀፍኩ ከልጆቹ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ካርቱን ነው። ዓሣ ይበርራል። ጠጉሯ ሰማያዊ የሆነ የንጉሥ ልጅ ግንብ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሲያልቅ ልጆቹ ግር ብለው ወጡ፤ አባባ ደሴም ወደኔ ዞረው አተኩረው አዩኝ።

"እሺ። ልጁ የማን ልጅ ነው?"

ይህን ጥያቄ ነበር የጠበቅሁት። ተነሳሁና እጄን አጣጥፌ "የአለሙ ፈረደ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ሙሉ፣ የእናቴ እናት ወለላ" አልኩ።

"አንተን አይደለም" አሉ። "ዓሣው ላይ ያለውን ነው።"

እንግዲህ የካርቱኑን ነገር በአጭሩ ላስረዳችሁ። ትክክለኛ ስሙን ማንም አያውቀውም ነበር፤ ልጆቹ በዕብራይስጥ "ሀዳግ" ይሉታል፣ ዓሣው ማለት ነው። ከሰንበት በቀር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይታያል። ልጁ ወላጅ የለውም፤ ከባሕር ነው የተገኘ። የንጉሡን ልጅ ይወዳል፤ ሊያገባት ይፈልጋል። በጭንቅ ሰዓት ሁሉ ፊቱን በብረት የሸፈነ ፈረሰኛ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስለታል፤ አድኖት ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ፈረሰኛው ማን ነው? ሠፈሩ በሙሉ የሚኖረው በዚህ ጥያቄ ነበር።

የሠፈሩ ሸንጎ የሚቀመጠው ከሞሮኮ በመጣው በማሱድ ኪዮስክ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ነው። ማሱድ "ፈረሰኛው ራሱ ንጉሡ ነው፤ ከሚስቱ ለማምለጥ ተሸፍኖ ይወጣል" ይላል፤ ይህን ሲል ድምፁን ቀንሶ የገዛ ሚስቱ ያለችበትን ያያል። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ሩስያዊት ሴትዮ "ሴት ናት" ይላሉ፤ ወንድ ውለታ ውሎ ሳያወራ አይሄድም ነው ክርክራቸው። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ አባቱ ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ልጁ ራሱ ሸምግሎ፣ ዘመኑን ወደ ኋላ ተሻግሮ፣ ልጅነቱን ሊያድን የመጣ ነው ይላሉ። ይህን ያለችው ልጅ ሂሳብ ላይ ጎበዝ ናት ስለተባለ እኔም ሁለት ቀን አመንኩላት።

የኔ ግምት "ብረቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ባዶ ነው" የሚል ነበር። ማንም አልተቀበለኝም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሥራ ላይም አልለቀቀኝ። ብረቱ ባዶ ከሆነ ፈረሱን ማን ይመራዋል እያልኩ ሳሰላስል አንድ ጭነት ባልዲ ያለ እጀታ አሳልፌ ሰደድኩ። አለቃዬ ጠርቶ ምን ሆነህ ነው ቢለኝ እውነቱን ነገርኩት። እርሱም ካርቱኑን ያይ ኖሮ ፈረሰኛው የልጁ አጎት ነው ብሎ ተከራከረኝ፤ ቅጣቱም በዚሁ ተረሳ።

እትዬ ጥሩዬ ብቻ ስለ ፈረሰኛው ደንታ የላትም። "እናንተ ፈረሰኛ ፈረሰኛ ትላላችሁ" አለች አንድ ቀን። "ዓሣዋ እናቱ ናት።"

"እትዬ፣ ዓሣ እኮ ነው" አልኳት።

"እናቱ ካልሆነች በምን አንጀቷ ትሸከመዋለች? ያን የሚያህል ልጅ።"

ሸንጎው በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እርሷ ግን አልተቆጣችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች።

የአባባ ደሴ ግምት ከሁላችንም የከበደ ነበር። እርሳቸው ማን ማን ነው ብለው አይገምቱም፤ ይቆጥራሉ። ዘር ቆጣሪ ሲቆጥር ፊት ያያል፤ ግንባር፣ ቅንድብ፣ የጆሮ አጣጣል፣ የአረማመድ ነገር። የካርቱኑን ሰዎች ፊት እንዲሁ ሲመረምሩ ከርመው አንድ ቀን ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አደረጉ።

"ዘመዳሞች ናቸው" አሉ።

"እነማን?" አልኳቸው።

"ልጁና ልጅቷ። ዓይናቸውን አታይም? አንድ ነው። አፍንጫ ብሎ ነገር የላቸውም፤ የሁለቱም ነጥብ ናት። እናቷን እያት፤ ያው። ጠላታቸውንም እየው፤ ያው ዓይን፣ ያው አፍንጫ። ይሄ አገር በሙሉ አንድ ቤት ነው። ለምን እንደሚጣሉም አሁን ገባኝ።"

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሸንጎው ላይ አልተነሳም።

"ስለዚህ ጋብቻው አይሆንም" ሲሉ ደመደሙ። "እስቲ በደንብ ልቁጠራቸው።"

"አባባ፣ የኛስ?" አልኩ በቀስታ።

"ያንተ ይደርሳል። እነዚህ ሠርጋቸው ቀርቧል።"

አሁን የኔን ሞኝነት ተመልከቱ። የኔ እንዲቆጠር የነዚያ ማለቅ አለበት፤ የነዚያ እንዲያልቅ ደግሞ ዘመድ አለመሆናቸውን ማስረዳት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። በማግስቱ ሄጄ ካርቱን እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኋቸው። ሰዎቹ የሉም፤ ሥዕል ናቸው፤ ቁጭ ብሎ የሚስላቸው ሰው አለ፤ እየደጋገመ ሲስል የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ሁሉንም የሳላቸው አንድ ሰው ነው?"

"አዎ፣ አንድ ሰው ነው" አልኩ፤ እንዲገባቸው ነገሩን ለማቅለል ብዬ።

"እንግዲያው አባታቸው አንድ ነው። እኔ አራተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ ብዬ ነበር፤ ለካ ወንድምና እህት ናቸው።"

አዜብ ወጥ ቤት ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ሳቄ አብሮኝ አልሄደም። ቀኑ ይሄዳል፤ የኔ ቆጠራ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንዳንዴ ካርቱኑ ካለቀ በኋላ የእናቴን እናት ስም በድጋሚ ይጠይቁኛል። "ወለላ" እላቸዋለሁ። "የወለላ እናትስ?" አላውቅም እላለሁ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ስለ ፈረሰኛው ማውራት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አልነቃሁም።

እንዲያው ከቴሌቪዥኑ ባርቃቸው ይሻላል ብዬ አንድ ቀን ከፋብሪካ በጊዜ ወጥቼ ወደ ባሕሩ ዳር ፓርክ ይዣቸው ሄድኩ። የወዳደቀ የጥንት ምሰሶ ላይ ተቀምጠው ፍርስራሹን ዙሪያውን አዩት።

"ይሄ የማን ቤት ነበር?"

"የድሮ ሰዎች ነው አባባ።"

"ስማቸውስ?"

"አይታወቅም።"

አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጃንጥላቸው ጫፍ ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ባሕሩን እያዩ ቆዩና "ይሄ የዓሣው ልጅ" አሉኝ፤ "ልጅቷ ዘመዱ ሆና ብትገኝ ምን ያድርግ ትላለህ?"

ሰው የሚያስብበት ጊዜ ቢኖር ይሄ ነበር። እኔ ግን የካርቱኑን ነገር ዛሬ ልቋጭ ብዬ ቆርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። "ማን ያውቅበታል አባባ? ዝም ብሎ ያግባት" አልኩ።

"ዝም ብሎ።"

"አዎ። ቆጣሪውም ቢሆን አንዷን ስም ዘለል ቢያደርጋት ምን ይጎዳል?"

እንዲያውም ይህችን የመጨረሻዋን በማለቴ ኮርቼ ነበር። እርሳቸው ግን "እንሂድ" ብለው ተነሱ፤ በመንገድም አላናገሩኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ደሴ ካርቱኑን ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። አይገምቱም፤ አይቆጥሩም። ልጆቹ አያታችን ለማለት ሳባ ይሏቸዋል፤ "ሳባ፣ ፈረሰኛው ማን ነው?" ብለው ሲጠይቋቸው "እንጃ" ይላሉ። ልጆቹ ፈሩ፤ አንዷ ታመው ይሆን ብላ ግንባራቸውን ዳሰሰች። በሦስተኛው ቀን አዜብ ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደኔ መጣች። ስትናደድ ዕብራይስጡና አማርኛው ይቀላቀልባታል።

"ማ አማርታ ሎ? ምን አልካቸው? እህል አይቀምሱም፣ አያናግሩኝም።"

ፓርኩ ውስጥ የተባለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስለ ስም መዝለሉም ነገርኳት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"አታ ሜሹጋ? አበድክ? ስለ እኛ እኮ ነው የጠየቁህ።"

"ስለ ዓሣው ልጅ ነው።"

"ኤይን ዳግ" አለችኝ። "ዓሣ የለም። አንተና እኔ ነን ያለነው።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባባ የኛን ቆጠራ የሚሸሹት አንድ ነገር ስላዩ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። የቆጨኝም ስለ እርሷ ብቻ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ስም ሳይዘልሉ የቆጠሩትን ሰው ዝለሉ አልኳቸው፤ ያውም ስም ለሌለኝ ለኔ። አዜብ እጇን እጄ ላይ አደረገች፤ ወዲያው አነሳችው። ምናልባት እህቴ ትሆናለች። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይስጠው።

ዓርብ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። ያ ዓርብ ደግሞ የካርቱኑ ፍጻሜ የሚታይበት ቀን ነበር። ፈረሰኛው ብረቱን ያነሳል ተብሏል። ማሱድ ኪዮስኩን በጊዜ ዘግቶ መጣ፤ ሩስያዊቷም የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው ወረዱ፤ ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ቦታ ይዘዋል። አባባ ደሴ ግን የሉም። ወንበራቸው ባዶ ነው። ነጠላቸው የለም፤ ጃንጥላቸው የለም። አዜብ በጠዋት ለሥራ ስትወጣ ቁጭ ብለው ነበር ትላለች። አንድም ቀን አሳልፈው የማያውቁ ሰው፣ በፍጻሜው ቀን።

ፀሐይዋ በብርድ ወራት ቶሎ ነው የምትወርድ፤ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ አውቶቡሱም ሊቆም ነው። አዜብ ወደ ክሊኒኩ፣ እኔ ወደ ባሕሩ ሮጥን። ፓርኩን ዞርኩት፤ ምሰሶው ላይ ማንም የለም። ያገኘሁትን ሁሉ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ አላያችሁም ወይ እላለሁ። ሁሉም አይተናል ይለኛል፤ ሁሉም የሚጠቁመኝ ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። በመጨረሻ ባሕሩ ዳር፣ ጀርባቸውን የሰጡኝ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጃንጥላ። እየሮጥኩ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ይቅር በሉኝ አባባ። ስሙን አይዝለሉ። የሆነው ይሁን፣ ወደ ቤት እንሂድ።"

"እሺ ልጄ" አሉኝ።

ቀና ብዬ ሳይ የማላውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሌላ ሠፈር አየር ሊቀበሉ የወጡ። ተሳስቼ ነው ለማለት አፌን ስከፍት እርሳቸው አቧራቸውን አራግፈው መንገድ ጀምረዋል። ሰው እግሩ ላይ ወድቆ ወደ ቤት እንሂድ ካላቸው በኋላ እምቢ ማለት ነውር መስሏቸዋል፤ እኔም አይምጡ ማለት ነውር ሆነብኝ። ይዣቸው ገባሁ። አባባ ደሴ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ተመልሼ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው በረርኩ። ስወጣ የካርቱኑ መግቢያ ዘፈን ጀምሮ ነበር፤ ልጆቹ ሽማግሌው ማን እንደሆኑ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

ጣቢያው ጭር ብሏል። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ባዶውን አለፈ። ጠራጊው መጥረጊያውን ሰብስቦ ሄደ። የመጨረሻው ነው የተባለው መጣና ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ጃንጥላ ወጣ፣ ቀጥሎ አባባ ደሴ። እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። እርሳቸውም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አለቀ?" አሉኝ መጀመሪያ።

"አልቋል መሰለኝ።"

"ፈረሰኛውስ ማን ሆነ?"

"አላየሁም። አንቱን ስፈልግ ነበር።"

ደስ አላቸው መሰለኝ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ነገሩን አመጡት።

"ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች" አሉ። "የወለላ እናት። ለአንተ የእናትህ አያት ማለት ነው። ያደገችው በኔ አያት በቢሻው ቤት ነው። የቢሻው ልጅ ከሆነች አንተና አዜብ ዘመድ ናችሁ። ማደጎ ከሆነች አይደላችሁም። ልጅ ሳለሁ ማደጎ ናት ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል።"

"ታዲያ ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገሩኝም?"

"ይመስለኛል አልኩህ እኮ። እየመጣህ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ስትቀመጥ ወደድኩህ። አዜብም ስትስቅ እሰማታለሁ። ማደጎ በሆነች ብዬ አብዝቼ ተመኘሁ። ከዚያ በኋላ ሰምቼው ይሁን ተመኝቼው ለየሁት ማለት አልቻልኩም።"

ቂርያት ጋት የሚባል ከተማ ውስጥ እማማ ጠጂቱ የሚባሉ፣ ከእርሳቸውም የሚያረጁ ሴት አሉ፤ ያን ቤት የሚያውቁ የቀሩ እርሳቸው ብቻ ናቸው። አባባ ደሴ መልሱን ፈርተው ሳይጠይቋቸው፣ ካርቱኑ ሲያልቅ እሄዳለሁ እያሉ ቀኑን ሲገፉት ኖረዋል። ዛሬ ግን በጠዋት ተነስተው ብቻቸውን፣ ያለ ቋንቋ ሄዱ።

"መጀመሪያ አሽዶድ ወሰዱኝ" አሉ። "ደግ ከተማ ናት፤ የሚያውቀኝ ግን የለም። መለሱኝ።"

"ፍጻሜውን አይተው እሑድ ቢሄዱ ምን ነበረበት?"

"ያንተን ሳላውቅ የርሱን ማወቅ አልሆነልኝም።"

ትርንጎ ምን ሆነች ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። እርሳቸውም አልቸኮሉም፤ ነገሩ በቤት፣ በሰው ፊት እንጂ በመንገድ አይባልም አሉ። ደግፌ ወሰድኳቸው። እንዲያ ረጅም መንገድ ተጉዤ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። አዜብ በሩ ላይ ቆማለች፤ እትዬ ጥሩዬ ከእንግዳው ሽማግሌ ጋር ተቀምጣለች። አባባ ደሴ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሽማግሌ ሲያዩ ማን ናቸው ሳይሉ ሰላምታ ሰጡ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ "ቁም" አሉኝ፤ ቆምኩ። "አዜብ፣ አንቺም።"

"ክፉ ቀን ነበር" አሉ። "ትርንጎ አባትና እናቷ በመንገድ ሞተውባት፣ የቢሻው ሚስት አንስታ፣ በጀርባዋ አዝላ ቤቷ አገባቻት። አሳደገቻት፣ ዳረቻት። ጠጂቱ የአባቷን ወገን እስከ ሰባት ቤት ነግራኛለች። ከኛ ወገን አንድም የለበትም። ተጋቡ።"

አዜብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም እርሳቸው አላቆሙም። መቁጠር ጀምረዋል። "አንተ፣ አለሙ፣ ፈረደ፣ ተገኘ፣ ውቤ፣ አድገህ፣ ረታ..." ደግሞ በእናቴ በኩል፤ ሙሉ፣ ወለላ፣ ትርንጎ፣ ከትርንጎ ወዲያ ያሉትን ሁሉ። ስሙን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። እነዚህን ሰዎች አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም። ሲጠሩ ግን አንድ አንድ እያሉ ክፍሉ ውስጥ የሚገቡ መሰለኝ፤ አለቀስኩ፤ ማልቀሴም አላሳፈረኝም።

ያን ጊዜ እትዬ ጥሩዬ ከጥግ፣ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ "ነግሬያችሁ ነበር" አለች። "ዓሣዋ እናቱ ናት።"

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። አባባ ደሴ አተኩረው አዩዋት።

"ለመሆኑ ፍጻሜው ምን ሆነ?" ብለው እንግዳውን ሽማግሌ ጠየቁ፤ ሙሉውን ያዩ እርሳቸው ናቸውና።

ሽማግሌው አሰቡ። "ብዙ ጫጫታ ነበር" አሉ። "አንዱ ፊቱን ገለጠ፤ ግን ሁሉም ስለሚመሳሰሉ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?"

እንግዳው ሽማግሌ ሰንበትን አብረውን ዋሉ። ቅዳሜ ማታ ልጆቻቸው ሠፈሩን ሁሉ አስሰው መጥተው ወሰዷቸው፤ የተናገሩኝን እዚህ አልደግመውም። የፈረሰኛውን ማንነት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የሠፈሩ ልጆች ሊነግሩን ሲሞክሩ እኔና አባባ ደሴ ጆሯችንን እንደፍናለን፤ ማሱድም ቢሆን እኔ ነኝ የረታሁ ከማለት በቀር አያስረዳም።

ሠርጋችን በጸደይ ሆነ። ሠርግ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ከድንኳኑ ሥር እኔና አዜብ ቆመን፣ አጋፋሪው በዕብራይስጥም በአማርኛም "የሙሽራው እናት ይምጡ" ብሎ ተጣራ። እትዬ ጥሩዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ማን እንደሚነሳ ለማየት ወደ ኋላ ዞረች። የሚነሳ አልነበረም። አባባ ደሴ በጃንጥላቸው ጫፍ ክንዷን ነካ አደረጓት።

"ተነሺ እንጂ፣ ዓሣዋ" አሏት።

ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሳች።